የጓሮ በቆሎ ዘራችሁ እንዳይጠፋ

ጎንደር ላይ ከአያት የወረሳችሁት ነጭ በቆሎ ጓሯችሁ ካለ፣ እሸቱን ሁሉ ጠብሳችሁ አትጨርሱት። ዘሩን ገና አገዳው ላይ ሳለ ምረጡ።

በቆሎ የሚዳቀለው በነፋስ ነው። ጎረቤት ቢጫ በቆሎ ከዘራ ብናኙ እናንተ ጋ ይደርሳል። ነጩ ላይ ቢጫ ፍሬ ጣል ጣል ካለበት በቃ፣ ተደባልቋል። 200 ሜትር መራቅ ይረዳል። ቦታ ከሌለ (ከተማ ውስጥ ከየት ይመጣል?) 3 ሳምንት ያህል አስቀድማችሁ ወይም አዘግይታችሁ ዝሩ።

ለዘር ከጓሮው ዳር ሳይሆን ከመሀል፣ ደግሞም ከብዙ አገዳ ልቀሙ። ከአንድ ሁለቱ ብቻ ከወሰዳችሁ ዘሩ ዓመት በዓመት ይኮሰምናል። ሽፋኑ ጫፉን ድፍን ያደረገውን አስቀድሙ፤ ነቀዝ ቶሎ አይደፍረውም። ከነሽፋኑ ጥንድ ጥንድ አስራችሁ ከምድጃው በላይ፣ ጭስ ላይ ስቀሉት። እኔ አንዴ በደንብ ሳይደርቅ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከትቼው፣ ስከፍተው ሻግቶ ጠበቀኝ።