ክላሲክ መኪና በአነስተኛ በጀት ለማደስ ላሰቡ

አሮጌ መኪና ገዝተው ቀስ በቀስ ለማደስ ያሰቡ ሰዎች፣ ገንዘባቸው ውስን ከሆነ፣ ከሞተሩ በፊት ቦዲውን ሊመረምሩ ይገባል፤ ምክንያቱም የደከመ ሞተር አውርዶ መጠገን ወይም በሌላ መተካት የሚቻል ሲሆን፣ ሻንሲውን (መኪናውን የሚሸከመውን የብረት አጽም) የበላ ዝገት ግን ማለቂያ የሌለው የብየዳ ሥራ ይጠይቃል። ምንጣፉን ገልጠው ወለሉን ይመልከቱ፤ ከበሮቹ ሥር ያለውን ላሜራ ደግሞ በቀጭን ጨርቅ በተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ይፈትሹ። የብረት ቦዲ ላይ ማግኔቱ በአንድ ቦታ አጥብቆ ይዞ ስንዝር ያህል ራቅ ሲል የሚንሸራተት ከሆነ፣ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ዝገትን ለመሸፈን የተለሰነ ወፍራም ስቱኮ ሊሆን ይችላል። ለሽያጭ ሲባል በቅርቡ የተቀባ መኪና እኔን ይበልጥ የሚያጠራጥረኝም ለዚሁ ነው።

ሞዴል ሲመርጡ መለዋወጫው በብዛት የሚገኘውን ያስቀድሙ፤ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ቮልስዋገን ቢትል ጥሩ ምሳሌ ነው።

ከግዢው በኋላ የመጀመሪያው ወጪ ለፍሬንና ለጎማ ይሁን። የፍሬን ዘይት ከጊዜ ብዛት እርጥበት ስለሚስብ የመፍያ ነጥቡ ይወርዳል፤ ስለዚህ ታሪኩ የማይታወቅ ዘይት ሙሉ በሙሉ ሊቀየር፣ የተሰነጣጠቁ የፍሬንና የነዳጅ ጎማ ቱቦዎችም አብረው ሊተኩ ይገባል። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ዕድሜውን ያረጋግጡ፤ በጎኑ ላይ 3512 የሚል አሃዝ ካለ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት የተመረተ ነው ማለት ነው። የሞተር ጉልበት የሚጨምሩ ዕቃዎች መኪናው በአስተማማኝ ሁኔታ መቆም ከቻለ በኋላ ይገዛሉ።