የመጫኛ ፋይልን ዲጂታል ፊርማ በመመርመር ያልተፈለገ ሶፍትዌርን እንዴት መለየት ይቻላል

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴን ላፕቶፕ ላስተካክል ተቀምጬ ቪኤልሲ የተባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ በኢንተርኔት ፈለግሁና ከሁሉም በላይ የወጣውን ሊንክ ተጫንኩ፤ ማስታወቂያ መሆኑን ልብ አላልኩም። ዊንዶውስ ፈቃድ ሲጠይቀኝ የመጣው መስኮት ሰማያዊ ነበር፣ «ቬሪፋይድ ፐብሊሸር» የሚል ጽሑፍም ነበረበት። እኔም «ቬሪፋይድ» የሚለውን አይቼ፣ ከጎኑ የሰፈረውን ስም ሳላነብ ፈቀድኩ። ቪኤልሲ በእርግጥም ተጫነ። ነገር ግን የብራውዘሩን መነሻ ገጽ የሚቀይር ፕሮግራምና ኮምፒውተሩ በስህተት ተሞልቷል እያለ ለማጽዳት ገንዘብ የሚጠይቅ ሌላ ፕሮግራም አብረውት ገቡ። እህቴ «ባትነካው ይሻለኝ ነበር» አለችኝ።

በኋላ ያንኑ የመጫኛ ፋይል ስመረምር ፊርማው አንዳች እንከን አልነበረበትም። የፈረመው ግን የቪኤልሲ ባለቤት ቪዲዮላን ሳይሆን ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ኩባንያ ነበር። ዲጂታል ፊርማ ሁለት ነገር ብቻ ይነግረናል፦ ፋይሉን ማን እንደፈረመው፣ ከተፈረመ በኋላም አለመነካቱን። መታወቂያ የሰውን ማንነት እንጂ ጠባዩን እንደማይመሰክር ሁሉ ፊርማም ሶፍትዌሩ መልካም ስለመሆኑ ዋስ አይሆንም።

ደረጃ 1፦ ፋይሉን ሳይከፍቱ ፊርማውን ማግኘት

ያወረዱትን ፋይል ደብል ክሊክ አያድርጉ፤ በማውዙ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ይግቡና «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» የሚለውን ታብ ይክፈቱ። ፋይሉ ዚፕ ከሆነ መጀመሪያ መፈታት አለበት።

ታቡ ከነጭራሹ ከሌለ ፋይሉ በውስጡ ፊርማ የለውም ማለት ነው፤ ይህ ግን ብቻውን የጥፋት ማስረጃ አይሆንም። የመፈረሚያ ሰርተፍኬት፣ ማለትም የፈራሚውን ማንነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል ሰነድ፣ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚያስወጣ በግላቸው የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ብዙ ጊዜ ይተዉታል፤ ሰቨን ዚፕን የመሰለ የታወቀ የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም እንኳ ለረጅም ዓመታት ያለ ፊርማ ሲለቀቅ ኖሯል። እንዲህ ያለውን ፋይል ከሠሪው ድረ ገጽ በቀጥታ ካላወረዱት አይጫኑት። የዊንዶውስ የራሱ ፋይሎች ጉዳይ ደግሞ ለየት ይላል፦ የብዙዎቹ ፊርማ የሚቀመጠው በፋይሉ ውስጥ ሳይሆን ካታሎግ በሚባል ሌላ ፋይል ስለሆነ ታቡ አይታይባቸውም። ስለዚህ «ሲስተም 32» ፎልደር ውስጥ ገብቶ ፊርማ የሌለውን ሁሉ መሰረዝ ኮምፒውተሩን እስከ መጨረሻው ሊያበላሸው ይችላል።

ደረጃ 2፦ ፊርማው ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ

ብዙ ሰው ታቡን አይቶ፣ በዝርዝሩ ውስጥም አንድ ስም አንብቦ ያበቃል። ይህ ስህተት ነው፤ ዝርዝሩ ፊርማ መኖሩን እንጂ ትክክል መሆኑን አያሳይም። የተነካካ ፋይልም ታቡና የፈራሚው ስም እንዳሉ ይቆዩለታል። ስሙን መርጠው «ዲቴይልስ» የሚለውን ሲጫኑ ነው ዊንዶውስ ፊርማው ደህና ነው ወይም ትክክል አይደለም የሚል ፍርዱን ከላይ በኩል የሚጽፈው።

ይህን ልዩነት በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩትን ክራክ የተደረጉ፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠሩ የተቀየሩ ፕሮግራሞች ይመርምር። ክራክ የሚያደርገው ሰው የፕሮግራሙን ዋና ፋይል ስለሚቀይረው የዋናው ኩባንያ ስም በዝርዝሩ ላይ ቢቀርም «ዲቴይልስ» ሲከፈት ፊርማው ትክክል አለመሆኑ ይታያል። የነካው ሰው የፈቃድ መጠየቂያውን ብቻ ይሁን ወይም ሌላም ነገር ይጨምርበት፣ ከዚህ በኋላ ፊርማው የሚነግረን ነገር የለም። እኔ እንዲህ ያለውን ፋይል እንኳን በእህቴ፣ በራሴም ኮምፒውተር ላይ አልጭንም።

ደረጃ 3፦ የፈራሚውን ስም ማንበብ

ሥራው በትክክል የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ያልተፈለጉ ሶፍትዌሮችን የሚያሰራጩ ድርጅቶች በአብዛኛው ሕጋዊ ምዝገባ ያላቸው፣ ሰርተፍኬታቸውንም ገዝተው በሥርዓቱ የሚፈርሙ ናቸው። የእነርሱ ፋይል ደረጃ 2ን ያለ ምንም ችግር ያልፋል።

«ዲቴይልስ» ውስጥ «ቪው ሰርተፍኬት» የሚለውን ይጫኑ። «ኢሹድ ቱ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ሰርተፍኬቱ የተሰጠው አካል ስም ነው፤ «ኢሹድ ባይ» የሚለው ደግሞ የሰጪውን ድርጅት ስም ያሳያል። ሰጪው የታወቀ መሆኑ ብዙዎችን ያዘናጋል፤ ሰጪው የሚያረጋግጠው ግን የአመልካቹን ማንነት እንጂ የሶፍትዌሩን ጠባይ አይደለም። ራስዎን የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ፕሮግራም የሚሠራው ማን ነው፣ የፈረመውስ እርሱ ነው? የቪኤልሲ መጫኛ በቪዲዮላን፣ የፋየርፎክስ በሞዚላ፣ የክሮም በጎግል ስም መፈረም አለበት። በእህቴ ላፕቶፕ ላይ የፋይሉ መጠሪያ ቪኤልሲ፣ አዶውም ያው የምናውቀው ብርቱካናማ የመንገድ ኮን ሆኖ ሳለ የፈራሚው ስም ሌላ ነበር። የፋይልን መጠሪያና አዶ ማንም እንደፈለገ ይቀይራል፤ የፈራሚውን ስም ግን ፊርማውን ሳያበላሽ ሊቀይር አይችልም። የቪዲዮላን ሰዎችም እ.ኤ.አ. በ2011 ቪኤልሲን ከማይፈለጉ ፕሮግራሞች ጋር እያሸጉ በሚያሰራጩ ድረ ገጾች ላይ በይፋ ቅሬታ አሰምተው ነበር።

ስሙ እንግዳ ከሆነብዎ የሰርተፍኬቱን ዝርዝር ገጽ ከፍተው «ሰብጀክት» የሚለውን ያንብቡ፤ ከኩባንያው ስም ጋር የተመዘገበበትን አገር፣ ብዙ ጊዜም ከተማውን ያገኛሉ። ስሙን በኢንተርኔት ሲፈልጉ የሚወጣው ሁሉ «እንዴት ላጥፋው» የሚል ጥያቄ ከሆነ መልሱን አግኝተዋል። ፊደሎቹንም አንድ በአንድ ይዩ፤ ከታወቀ ስም በአንድ ፊደል ብቻ የሚለይ ስም ሆን ተብሎ የተመረጠ ሊሆን ይችላል።

ሰርተፍኬቱ ጊዜው ያለፈበት መሆኑ ብቻውን አያስደንግጥዎ። ፋይሉ ሰርተፍኬቱ በሚሠራበት ጊዜ መፈረሙን የሚያሳይ የጊዜ ማኅተም ካለው ፊርማው ከዚያም በኋላ ይጸናል።

ትክክለኛው ስም መገኘቱም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስተክስኔት የተባለ ቫይረስ ሪልቴክና ጄማይክሮን ከተባሉ የታይዋን ኩባንያዎች በተሰረቁ ሰርተፍኬቶች የተፈረሙ ፋይሎች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሲክሊነር የተባለው የኮምፒውተር ማጽጃ ፕሮግራም 5.33 እትም በሠሪው በራሱ ፊርማ፣ ጎጂ ኮድ ተሸክሞ ተሰራጭቷል። ይሁንና የተራ ተጠቃሚ የዕለት ተዕለት ፈተና ያልታወቀው ስም ነው።

ደረጃ 4፦ አስቀድመው የገቡትን መፈለግ

ለዚህ ሥራ እኔ የምመርጠው ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠውን ኦቶራንስን ነው፤ «ኮምፒውተርዎን እናጸዳለን» ከሚሉ ፕሮግራሞች ይራቁ፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ልናስወግዳቸው የምንፈልጋቸው ያልተፈለጉ ፕሮግራሞች ናቸውና። ኦቶራንስ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች ሁሉ ይዘረዝራል። «ኦፕሽንስ» ውስጥ ፊርማ እንዲያረጋግጥ ያዙት፣ የማይክሮሶፍትን ፋይሎችም እንዲደብቅ ያድርጉ። ፊርማቸው ያልተረጋገጠው በሮዝ ቀለም ይለያሉ፤ ሰው ሁሉ ወደ እነርሱ ይሮጣል። በእህቴ ላፕቶፕ ላይ ግን ሁለቱም ጥፋተኞች ቀለም አልነበራቸውም፤ ያገኘኋቸው «ፐብሊሸር» የሚለውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች በማንበብ ነው።

ያጠራጠረዎትን ከዝርዝሩ አይሰርዙት፤ ከፊቱ ያለውን ምልክት ብቻ ያንሡና ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሡ፣ የጎደለ ነገር ካለ ምልክቱን መመለስ ይቻላል። ምንም ካልጎደለ ፕሮግራሙን ከዊንዶውስ «ሴቲንግስ» ያራግፉ። በዚያው «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ «አፕ ኤንድ ብራውዘር ኮንትሮል» የሚለውን ከፍተው ያልተፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግደውን ማብሪያ ያብሩ፤ በእህቴ ላፕቶፕ ላይ ጠፍቶ ነበር።