ቺዙ ዘይት ለቀቀ፣ ሻገተ፣ ጣዕም አጣ፦ ችግሩ ምንድን ነው? መፍትሄውስ?

ያልቆየ ጎውዳ፣ ሃቫርቲ፣ ኤዳም፣ ሞንተሬይ ጃክ፣ ፎንቲና፦ ሁሉም የቺዝ ዓይነቶች ናቸው። ስማቸው ይለያይ እንጂ ጠባያቸው ይቀራረባል። ጣዕማቸው ለስለስ ያለ ነው። ቢላ ሲገባባቸው አይፈረፈሩም፤ በጣት ሲጫኗቸው ትንሽ ይሰረጉዳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከክብደታቸው 40 በመቶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ነው። ጣጣቸውም በብዛት የሚመጣው ከዚሁ ውሃ ነው። ውሃው ሲያልቅባቸው ይደርቃሉ፤ ሲታፈንባቸው ይሻግታሉ፤ እሳት ሲበዛባቸው ደግሞ ውሃው ወዲያ፣ ስቡ ወዲህ ይላል።

ሲቀልጥ ዘይቱ ለብቻው ተለየ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቺዙን ይረግማል። ጥፋቱ ግን የእሳቱ ነው። በቺዝ ውስጥ ያለው ስብ በፕሮቲን መረብ ተይዞ የተቀመጠ ነው። ስቡ 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል። ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ፕሮቲኑም ይላላና ቺዙ መፍሰስ ይጀምራል። የምንፈልገው ይህንን ነው፤ እዚህ ላይ ማቆም ነው። አልፎ ከፈላ ፕሮቲኑ ይኮማተርና እንደተጨመቀ ጨርቅ ውሃውንም ስቡንም ይተፋዋል።

ስለዚህ ሶስ ስትሠሩ ቺዙ መጨረሻ ላይ ይግባ። መጀመሪያ ዱቄቱን በቅቤ አቁላሉት፤ ወተቱን ጨምራችሁ እስኪወፍር አማስሉት። ከዚያ እሳቱን አጥፉ። ቺዙ የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ተፈቅፍቆ፣ በትንሽ በትንሹ። የመጀመሪያው ሳይቀልጥ ሁለተኛውን አትጨምሩ። ትልቅ ቁራጭ ከከተታችሁ ውስጡ እስኪቀልጥ ድረስ ውጪው ሙቀት ይበዛበታል።

ዱቄቱ ለማወፈር ብቻ አይምሰላችሁ። በውስጡ ያለው ስታርች ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይቋጠሩ ያግዳቸዋል። በዱቄት የተሠራ ሶስ የማይወድ ሰው 200 ግራም የተፈቀፈቀ ቺዝ በ2 የሻይ ማንኪያ ኮርን ስታርች ለውሶ ትኩስ ወተት ውስጥ ቢጨምረው ይሆናል። ሌላው አማራጭ ሶዲየም ሲትሬት የሚባለው ጨው ነው። የቺዙን ፕሮቲን አያይዞ የያዘውን ካልሲየም ይወስድበታል። ያኔ ፕሮቲኑ ይፈታና ስቡንና ውሃውን አንድ ላይ ይዞ ይቆያል። ፕሮሰስድ ቺዝ (በፋብሪካ ቀልጦ እንደገና የተሠራው) ያለ ችግር የሚቀልጠው በእንዲህ ዓይነት ጨዎች ስለሚሠራ ነው። ለ200 ግራም ቺዝና ለ150 ሚሊ ሊትር ወተት 7 ግራም ያህል ይበቃል። በኬሚካል ስሙ አትደንግጡ፤ ከዱቄቱ ይልቅ የቺዙን ጣዕም የሚጠብቀው ይኸኛው ነው።

አንዴ የተለያየ ሶስስ? ከእሳት አውርዱና አንድ ሁለት ማንኪያ ሙቅ ወተት ጠብ አድርጋችሁ በኃይል ምቱት። እምቢ ካለ በብሌንደር ሞክሩት። ጠጥሮ ከተቋጠረ ግን አይመለስም። ከፓስታ ጋር ደባልቁና ኦቨን ክተቱት፤ ማንም አያውቅባችሁም።

ዳቦው አረረ፣ ቺዙ ግን አልቀለጠም

እሳቱ በዝቷል፣ ቺዙም ወፍሯል። ስስ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ እሳቱን ቀንሱና መጥበሻውን ክደኑት። ክዳኑ ሙቀቱን ከላይም ይመልሰዋል።

ጨርሶ አልቀልጥም አለ

የገዛችሁት ተፈቅፍቆ የታሸገ ነው? እንዳይጣበቅ ተብሎ ስታርች ወይም ሴሉሎስ (ከዕፅዋት የሚገኝ ዱቄት) ይነሰነስበታል። ለፒዛ ብዙም አያስቸግርም፤ ሶስ ውስጥ ግን አሸዋማ ስሜት ሊሰጥ ይችላል። ድፍኑን ገዝቶ ቤት መፈቅፈቅ ይሻላል። ስቡ የተቀነሰ ቺዝም በደንብ አይቀልጥም፤ የጎማነት ጠባይ ያመጣል። በሎሚ ወይም በኮምጣጤ የረጋ ቺዝ ደግሞ የቱንም ያህል ብታሞቁት አይፈስም፤ ይደርቃል እንጂ። ለማቅለጥ ከሆነ እሱን ተዉት።

መፈቅፈቂያው ላይ ይጨማለቃል

ሞቋል ማለት ነው። 20 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡትና ሞክሩት። መፈቅፈቂያውን ዘይት ቀባ ብታደርጉት ደግሞ ማጠቡም ይቀላል።

ሻገተ

ድፍን ከሆነ ተስፋ አለው። ሻጋታው ካለበት ዙሪያውንም ወደ ውስጥም ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ጣሉ። ቢላው ሻጋታውን ነክቶ ወደ ደህናው እንዳይገባ ተጠንቀቁ። የተረፈውን በአዲስ ወረቀት ጠቅልሉት። የተፈቀፈቀ ወይም በስሱ ተቆርጦ የታሸገ ከሆነ ግን ሙሉውን ጣሉት። ያሳዝናል፣ ግን ሻጋታው የት ድረስ እንደሄደ በዓይን አይለይም።

ነጭ ነገር ሁሉ ሻጋታ አይደለም። በጣት ስትነኩት ጠጠር ጠጠር ካለ የካልሲየም ላክቴት ቅንጣት ሊሆን ይችላል፤ ይበላል። ፀጉራም ከሆነ፣ ወይም አረንጓዴና ሰማያዊ ከቀላቀለ ሻጋታ ነው።

መንስኤው ብዙ ጊዜ አጠቃቀለሉ ነው። ስስ ፕላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ሲይዘው እርጥበቱ ላዩ ላይ ይታፈናል። ወረቀት ሳይኖረው ፍሪጅ ውስጥ ከተጣለ ደግሞ ይደርቃል፣ የሽንኩርቱንም ሽታ ይስባል። መሀሉ ይህ ነው፦ በመጋገሪያ ወረቀት ጠቅልሉት፤ ከዚያ በላስቲክ ከረጢት ወይም ሙሉ በሙሉ ባልተከደነ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። በቆረጣችሁ ቁጥር ወረቀቱን ቀይሩ። ቦታው የፍሪጁ የአትክልት መሳቢያ ይሁን፤ በሩ ላይ አይሁን፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይለዋወጣል። 4 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው። ከተከፈተ በኋላ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይቆያል።

አሞኒያ አሞኒያ ይሸታል

ታፍኖ ይሆናል። ፈትታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አየር ይንካው። ሽታው ከጠፋ ደህና ነው። ካልጠፋ፣ ወይም ላዩ ካሟለጨ፣ መጣያ ነው።

ጠርዙ ደርቆ ጠቆረ

ምንም አይደለም። ስስ አድርጋችሁ ቁረጡለት። የቆረጣችሁትን ሾርባ ውስጥ ብትጨምሩት ጣዕም ይሰጣል። ሰሙን ግን ልጣችሁ ጣሉ፤ እንደ ኤዳም ያለው ቀይ ሽፋን አይበላም።

ጣዕም የለውም

ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው ከተበላ ጣዕሙ አይወጣም። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ አስቀድማችሁ አውጡት። ሶስ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ትንሽ የቆየ ቺዝ ወይም ግማሽ ማንኪያ ሰናፍጭ ጨምሩበት። ለስላሳውን ቺዝ በእጥፍ መጨመር አያዋጣም፤ ሶሱን ከማክበድ በቀር የሚያመጣው የለም። ቺዙ መራራ ከሆነ ግን አልፎበታል።

ሲገዛ ጀምሮ ችግር ያለበት

ማሸጊያው ከተነፋ ተዉት፤ ጋዝ የሚያወጡ ባክቴሪያዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ከሥሩ ውሃ ካቆረ ወይም ገላው ከተሰነጣጠቀም እንዲሁ። ትንንሽ ቀዳዳ ግን ለሃቫርቲ ጠባዩ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ቺዙ ከፓስቸራይዝድ (ጀርሞቹ እንዲሞቱ ከተሞቀ) ወተት የተሠራ መሆኑን ጽሑፉ ላይ ታረጋግጥ፤ ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ፅንሱን ይጎዳል።

ፍሪዘር ውስጥ ቆይቶ ተፈረፈረ

በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሠራ የፕሮቲኑን መረብ ይበጣጥሰዋል። ይህን መመለስ አይቻልም፤ እንደ ቀድሞው ተቆርጦ አይበላም። ለማብሰል ግን ምንም አይል። ስለዚህ የምታስቀምጡት ለድስት ብቻ ከሆነ ከ250 ግራም ባልበለጠ ቁራጭ፣ ወይም ፈቅፍቃችሁ አየሩን ካስወጣችሁለት ከረጢት ውስጥ አድርጉት። ቁራጩን ከምትሠሩበት ቀን በፊት ማታ ወደ ፍሪጅ አውርዱት። የተፈቀፈቀውን ግን ማቅለጥም አያስፈልግም፤ በረዶ እንደሆነ ፒዛው ላይ በትኑት።