«ነበር» እና ፓስት ኮንቲኒየስ፦ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትሄዱ የት ትሳሳታላችሁ?

ፓስት ኮንቲኒየስ ባለፈ ጊዜ በመካሄድ ላይ የነበረን ድርጊት የምንናገርበት የእንግሊዝኛ ጊዜ ነው፤ አሠራሩም አጭር ነው። ባለቤቱ፣ ቀጥሎ ዋዝ ወይም ዌር፣ ከዚያ «ኢንግ» የተቀጠለበት ግሥ። አይ፣ ሂ፣ ሺ እና ኢት ዋዝ ይወስዳሉ፤ ዩ፣ ዊ እና ዜይ ዌር። ዩ «አንተ»ም «አንቺ»ም ቢሆን ዌር ነው። ለአሉታ ከዋዝ በኋላ ኖት ይገባል። ለጥያቄ ዋዝ ከባለቤቱ ፊት ይወጣል፤ ዲድ እዚህ ቦታ የለውም። በጽሑፍ ሜክ መጨረሻዋ ላይ ያለውን ኢ ትጥላለች፣ ሲት ደግሞ ቲን ትደግማለች።

ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችኋል እንበል። «ታክሲ እየጠበቅን ሳለ ዝናብ ጀመረ» ለማለት፦ «ዊ ዌር ዌይቲንግ ፎር ኤ ታክሲ ዌን ኢት ስታርትድ ቱ ሬይን»። ረጅሙ ድርጊት ኢንግ ይይዛል፤ መሀል የገባው አጭሩ ሲምፕል ፓስት (ተራው ኃላፊ ጊዜ) ይሆናል። «ዊ ዌይትድ» ካላችሁ ግን ዝናቡ ከጀመረ በኋላ መጠበቅ የጀመራችሁ ይመስላል።

ትልቁ ችግር ያለው «ነበር» ላይ ነው። «እየጠበቀ ነበር» ያለ ጣጣ ዋዝ ዌይቲንግ ይሆናል። «በየጠዋቱ ይጠብቅ ነበር» ግን ልማድ ስለሆነ «ዌይትድ» ወይም «ዩዝድ ቱ ዌይት» ነው። «አውቅ ነበር»ም «አይ ኒው» እንጂ «አይ ዋዝ ኖዊንግ» አይባልም፤ ማወቅ፣ መፈለግና ማመን በአብዛኛው ኢንግ አይቀበሉም።

ከሁሉ የሚያሳስተው «ጋቢ ለብሶ ነበር» ነው። «እየ» ስለሌለበት ብዙ ተማሪ «ሂ ሃድ ዎርን» ብሎ ይጽፋል። በአማርኛ መልበስ ልብሱን ገላ ላይ የማድረጉ ተግባር ነው፤ በእንግሊዝኛ ዌር የሚለው ግሥ (ከዋዝ ጋር ካየነው ዌር የተለየ ቃል ነው) ለብሶ መቆየት ማለት ነው። ስለዚህ «ሂ ዋዝ ዌሪንግ ኤ ጋቢ» ይባላል። ጋቢውን ገና ትከሻው ላይ እየጣለ ከነበረ «ሂ ዋዝ ፑቲንግ ኦን ኤ ጋቢ»። «ተቀምጦ ነበር»፣ «ቆሞ ነበር»፣ «ተኝቶ ነበር» የሚሉትም እንዲሁ ዋዝ ሲቲንግ፣ ዋዝ ስታንዲንግ፣ ዋዝ ስሊፒንግ ናቸው። እነዚህን አራቱን በቃል ያዟቸው፤ በየቀኑ ያስፈልጓችኋል።

ለመለማመድ ሰዓት ያለበት ዓረፍተ ነገር ይሻላል። «ትናንት ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ እያጠናሁ ነበር» የሚለው «አይ ዋዝ ስተዲይንግ ዌን ዘ ፓወር ዌንት አውት አት ኤይት ኦክሎክ ላስት ናይት» ይሆናል። ሰዓቱንም አብራችሁ ቀይሩ፤ የእኛ የማታ 2 ሰዓት በእንግሊዝኛ 8 ነው።