ወደ ሰሜን ተራሮችና ወደ ሳነቴ ሌንስ ይዞ ሲወጣ የሚሠሩ ስህተቶች

ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ወደ ሰሜን ተራሮች ልሄድ ነው፤ የትኛውን ሰፊ ሌንስ ልግዛ?» ሰፊ መሆን እንዳለበት ማን እንደሚነግራቸው አላውቅም። እስቲ ግጭ ካምፕ አድራችሁ በማለዳ እሜት ጎጎ በተባለው ገደል ጫፍ ላይ ቁሙ። ከእግራችሁ ሥር ገደሉ ይወርዳል፤ ከማዶ አምባ በአምባ ላይ ተደራርቦ እስከ አድማስ ይዘልቃል። ይህን በ16 ሚሊ ሜትር ሌንስ (ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ያሳያል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል) ስታነሱት የሚወጣው ግማሹ ባዶ ሰማይ፣ ሩቡ የቆማችሁበት ሣር፣ መሃል ላይ ደግሞ ኩይሳ የሚያካክሉ ተራሮች ናቸው። ሰፊ ሌንስ ቅርቡን ያገዝፋል፣ ሩቁን ያሳንሳል። ከፊት ለፊታችሁ አንድ ጅብራ ካላቆማችሁለት የሚያሳየው ነገር የለውም። እኔ እዚያ አብዛኛውን የማነሳው ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር በሚያቀርበው ዙም ሌንስ፣ በ70-200 ነው። በ150 ሚሊ ሜትር አካባቢ ተራሮቹ ይጠጋጋሉ፤ በየመካከላቸው የተኛው ጉምም ይታያል። አዋቂ ሆኜ አልተወለድኩም፤ የመጀመሪያ ጉዞዬን በሙሉ በ18 አንስቼ ስመለስ እናቴ ፎቶዎቹን አገላብጣ «ተራራው የቱ ነው?» ብላኛለች።

ለጭላዳ ዝንጀሮ 600 ሚሊ ሜትር መሸከምም ከንቱ ድካም ነው። መንጋው ሰው ስለለመደ ሣር እየነጨ ጥቂት ሜትር ድረስ ይቀርባል። ያው 70-200 ይበቃል፤ ዝቅ ብላችሁ ጠብቁ እንጂ አትከተሉት።

ባሌ ግን ሌላ ነው። ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትወጣ አንድ ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን ቀስሮ ቆሞ አገኘሁት። እኔ ብልጥ ነኝ ባይ 100-400 ላይ ሁለት እጥፍ የሚያደርግ ቴሌኮንቨርተር፣ ማለትም በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባ ማጉያ፣ ገጥሜ 800 ሚሊ ሜትር ይዣለሁ። ቁጥሩ ሲያምር! ነገር ግን ያ ዕቃ ብርሃኑን ወደ ሩብ ያወርደዋል፤ ኤፍ 5.6 የነበረው የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ኤፍ 11 ሆነ (ቁጥሩ ሲበዛ ብርሃኑ ያንሳል)። ካሜራዬ በዚያ ድንግዝግዝ ፎከስ ፍለጋ ሲመላለስ ቀበሮው ዘሎ ፍልፈሏን ይዞ ሄደ። ለእኔ የተረፈኝ ቀይ ጭጋግ ነው። ከዚያ ወዲህ ከ1.4 እጥፍ በላይ ገጥሜ አላውቅም፤ ካልደረሰልኝ በኋላ ፎቶውን እቆርጠዋለሁ። የሌንሱ መንቀጥቀጥ መከላከያም የእጃችሁን እንጂ የቀበሮውን እንቅስቃሴ አያቆምም፤ ሲሮጥ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት ቢያንስ 1/1000 ሰከንድ አድርጉት። ከመኪና ስታነሱ ሞተሩን አጥፉ፤ ሌንሱን ሽምብራ በሞላ ከረጢት ላይ በመስኮቱ ጠርዝ አሳርፉት። ከብዙ ትራይፖድ ይሻላል።

«ሌንሴ ተበላሽቷል» ብሎ አንድ ልጅ አዋሽ ያነሳቸውን ሳላዎች አሳየኝ። ሁሉም እንደ ውኃ ውስጥ ምስል ይንቀጠቀጣሉ። ስንት ሰዓት ነበር? ከቀኑ 7 ሰዓት። ከምድር የሚነሳውን የሞቀ አየር የትኛውም ውድ ሌንስ አያጠራውም፤ ጠዋት ሂዱ፣ ቅረቡ።

በስንት ሺህ ብር ሌንስ ፊት ርካሽ ፊልተር አትለጥፉ።

አውሮፕላን ለምትወዱ፦ በአየር ማረፊያ አካባቢ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። ከዚያ ባለ ፕሮፔለሩን፣ ለምሳሌ ወደ ጎንደር የሚበረውን ኪው 400፣ እንደ ጄት በ1/2000 አታንሱት፤ ምላጮቹ ቀጥ ብለው ይቆሙና ሞተሩ የጠፋ ይመስላል። ወደ 1/125 ውረዱና ካሜራውን ይዛችሁ ከአውሮፕላኑ ጋር እኩል ዙሩ። ይህን ለመሥራት ቀላል የሆነ 100-400 ከከባዱ 600 ይመረጣል።

ሌንስ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በዘመድ የምታስመጡ ደግሞ «ካኖን ነው» ብላችሁ ብቻ አትላኩ። አርኤፍ የተባለው አዲሱ ሌንስ በድሮው ኢኤፍ ካሜራ ላይ ፈጽሞ አይገጥምም፤ የድሮው ግን በአዲሱ ካሜራ ላይ በአዳፕተር ይገጥማል። አክስቴ ስምንት ወር ያስጠበቀኝን ካርቶን ቦሌ ላይ ስታስረክበኝ ያየሁት የመጀመሪያ ነገር በድሮው ካሜራዬ ላይ የማይገጥመውን አርኤፍ (RF) የሚሉትን ሁለት ፊደላት ነበር፤ እሷ ደግሞ ደስታዬን ለማየት ፊቴን እያየች ነው።