ችግርና መፍትሄ፦ የዲዛይን ቡድን ሥራ ሳይገጥም ሲቀር

ጅማ ውስጥ ተማሪ ሳለን፣ አምስት ሆነን የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን ነድፈን ነበር። ከታች ያሉት ችግሮች ሁሉ ደርሰውብናል።

ችግር፦ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ትክክል ነው፤ ሲገጣጠም ግን እምቢ ይላል።

ምክንያት፦ አንዱ የለወጠው ልኬት ለሌላው አልደረሰም። ዘንጉን የሚስለው ልጅ 25 ሚሊ ሜትሩ ቀጭን መሰለውና ማታውን 30 አደረገው። ለ25 የሚሆነው ባለ 6205 ቁጥር ኩሽኔታ የውጭ ዲያሜትሩ 52 ነው፤ ለ30 የሚሆነው ባለ 6206 ቁጥር ግን 62። ልጁ ለውጡን በቴሌግራም ጽፏል፤ ሁላችንም «እሺ» ብለናል። ወዲያው የእግር ኳስ ወሬ ተከመረበትና የኩሽኔታውን ቤት የምትስለው ልጅ 52 ላይ ቀረች። ስህተቱን ያየው የቶርኖ ባለሙያው ነው፤ ያውም ብረቱ ከተቆረጠ በኋላ።

መፍትሄ፦ ከአንድ ክፍል በላይ የሚነካ ልኬት ሁሉ በአንድ የጋራ ሠንጠረዥ ይስፈር፤ ቁጥሩ፣ የለወጠው ሰውና ቀኑ። ሊንኩ ከቴሌግራም ቡድኑ አናት ላይ ይሰካ። «እሺ» የሚለው ቃል ይቅር! ለውጡ የሚነካው ሰው የራሱን አዲስ ቁጥር ጽፎ ይመልስ፦ «ቤቱን 62 አድርጌዋለሁ»። እኛ ይህን የጀመርነው ሁለተኛ ብረት ከገዛን በኋላ ነው።

ችግር፦ ፋይሉ በጓደኛ ላፕቶፕ አይከፈትም።

የንድፍ መሳያው ፕሮግራም የአውቶካድ 2018 የፋይል ዓይነት በ2017ም ሆነ ከዚያ በፊት በወጡት እትሞች አይከፈትም፤ ከ2013 እስከ 2017 ላሉት ሲያስቀምጡ የ2013ን ዓይነት መምረጥ ነው። ሶሊድዎርክስ በሚባለው ሌላው መሳያ ፕሮግራም ላይ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት እትም ቢጭኑ ይሻላል።

ችግር፦ የሶሊድዎርክስ ግጥጥሙ ይከፈታል፤ ክፍሎቹ ግን የሉም።

የግጥጥሙ ፋይል ክፍሎቹ የት እንዳሉ ይመዘግባል እንጂ በሆዱ አይዛቸውም። በፍላሽ ብቻውን አይላክ፤ «ፓክ ኤንድ ጎ» በሚለው ትእዛዝ ሁሉም በአንድ ይጠቅለል።

ችግር፦ አንዱ ይስላል፣ አራቱ ያያሉ።

ምክንያት፦ ብዙ ጊዜ ስንፍና ይባላል፤ እኔ አልስማማም። ጠንካራው ላፕቶፕ አንድ ነው፤ ባለቤቱም ፈጣን ስለሆነ ሌላው እጁን ለመዘርጋት ያፍራል።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ሁሉም በወረቀት ይሳል። ከዚያ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ባለላፕቶፑ ማውሱን ለሌላው ይልቀቅና በአፉ ብቻ ይምራ። በእኔ ተራ አንዲት ቀዳዳ ለመሳል ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ጓደኛዬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ።