ትራንስዱሰር ስትገጥሙ እባካችሁ እነዚህን አታድርጉ

«ጀልባው ሲቆም ጥልቀቱን በደንብ ያሳያል፣ ስነዳ ግን ቁጥሩ ይጠፋል፣ ስክሪኑ ተበላሽቷል መሰለኝ።» ይቺን ነገር ስንቴ እንደሰማኋት! አልተበላሸም ወንድሜ። ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ምንም አልሆነም፣ ጥፋቱ ያለው ታች ውሃ ውስጥ ትራንስዱሰሩ (ድምፅ ወደ ታች ልኮ ሲመለስ የሚቀበለው የጥልቀት መለኪያው ክፍል) የተገጠመበት ቦታ ላይ ነው። ሰው ግን ጊዜውንም ገንዘቡንም ስክሪን መምረጥ ላይ ይጨርስና ትራንስዱሰሩን የተመቸው ቦታ ላይ ለጥፎ ይሄዳል።

ስለዚህ ከቦታ ልጀምር፣ ንዴቴም እዚህ ጋ ነው ያለው። ትራንስዱሰሩ የሚልከው የሶናር ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር አካባቢ ይሄዳል፣ አየር ውስጥ ደግሞ 340 ገደማ። አየር ከውሃ በጣም የሳሳም ስለሆነ ድምፁ ከውሃ መጥቶ አየር ሲያገኝ አያልፍም፣ ነጥሮ ይመለሳል። ከትራንስዱሰሩ ፊት አረፋ ካለ በቃ ታች ሳይደርስ እዛው ቀረ ማለት ነው፣ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ዝብርቅርቅ መስመር ከዛ ነው የሚመጣው። ታዲያ ሰው የት ይገጥመዋል? ፕሮፔለሩ (ጀልባውን የሚገፋው የሞተሩ ተሽከርካሪ) አጠገብ! ካልሆነም ከጀልባው ሆድ ስር በቁመት ከሚሄዱት ጉብታዎች ኋላ፣ ወይ ከሪቬት (ብረቱን ከሚያያይዘው ምስማር) ረድፍ ኋላ፣ ወይ ከውሃ ማስገቢያ ቀዳዳ ኋላ፣ ማለትም ጀልባው ሲፈጥን አረፋ የሚወጣበትን ቦታ መርጦ። ለምን ሲባል «ኬብሉ እዚህ ድረስ ነው የደረሰልኝ»። ኧረ በፈጠራችሁ፣ ማራዘሚያ ይሸጣል እኮ!

ከፕሮፔለሩ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ራቁ፣ ሞተሩ ትልቅ ከሆነ ከዛም በላይ። አንድ ሞተር ካላችሁና ፕሮፔለሩ ከኋላ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ከሆነ (አብዛኛው እንደዛ ነው) በቀኝ በኩል ግጠሙ፣ በዛ በኩል ምላጩ ወደ ታች ስለሚወርድ ውሃው የተሻለ ንፁህ ነው። ከመብሳታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ሰው ይንዳ፣ እናንተ ከኋላ ጎንበስ ብላችሁ ውሃው ሳይረበሽ ለስልሶ የሚለቅበትን ቦታ እዩ። ነጭ አረፋ ያያችሁበት ቦታ ላይ ድሪል አታስነሱ። አንድ ሰውዬ አውቃለሁ መጀመሪያ ስክሪን ቀየረ፣ ከዛ ባትሪ ቀየረ፣ ከዛ ራሱን ትራንስዱሰሩን አዲስ ገዝቶ እዛው የድሮው ቀዳዳ ላይ መልሶ አሰረው። አንድ ክንድ ወደ ቀኝ ወሰድነውና አለቀ። ሰውዬው እስካሁን ስክሪኑን ነው የሚረግመው።

ከፍታው ላይም አትሳሳቱ። ከኋላ ግድግዳው ላይ የሚታሰረው ዓይነት ፊቱ ከጀልባው ሆድ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፣ ለፋይበር ግላስ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ለአልሙኒየም 10 ገደማ። ከዛ በላይ ከወረደ ውሃ ይረጫል፣ ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ አየር ይስባል።

አሁን ወደ ምርጫው። «ፍሪኩዌንሲው ከፍ ያለ ይሻላል አይደል?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። ፍሪኩዌንሲ ማለት ድምፁ በሰከንድ ስንቴ እንደሚርገበገብ ነው፣ ምርጫው እንደምትሄዱበት ውሃ ነው። 200 ኪሎ ኸርዝ ጥልቀት ለሌለው ውሃ ጥርት ያለ ነገር ያሳያል፣ 50 ደግሞ ዝርዝሩን ቢያጣም በጣም ጥልቅ ድረስ ይወርዳል። ጀማሪዎች ሌላ የሚረሱት ነገር ድምፁ እየሰፋ ነው የሚወርደው። የ20 ዲግሪ ጨረር 30 ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ 10 ሜትር ስፋት ይሸፍናል፣ ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ያያችሁት ዓሣ የግድ ከእግራችሁ ስር አይደለም።

የእንጨት ጀልባ ሆድ በስታችሁ የፕላስቲክ ትራንስዱሰር አታስገቡ፣ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ይሰነጥቀዋል። አልሙኒየም ላይ ነሐስ ደግሞ አይሆንም፣ አልሙኒየሙን ይበላዋል። የጀልባው ሆድ ወደ ታች የሾለ ከሆነ ያጋደለውን ዓይነት (12 ወይም 20 ዲግሪ) ግዙ፣ አለበለዚያ ጨረሩ ወደ ጎን ሄዶ ከእውነተኛው የበለጠ ጥልቀት ይነግራችኋል፣ በመሬት መምታት ነው የምታውቁት።

ቀዳዳ መብሳት የፈራ ሰው ከውስጥ በኩል በኤፖክሲ (ጠንካራ ማጣበቂያ) ይለጥፋል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ሙሉ ፋይበር ግላስ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። መሃሉ ፎም ወይም ቀላል እንጨት ያለበት ከሆነ ድምፁን ይውጠዋል። ከመለጠፋችሁ በፊት ውሃ የሞላ ስስ ፌስታል ሆዱ ላይ አስቀምጣችሁ ትራንስዱሰሩን በላዩ ጫን አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ካነበበ ለጥፉት። ኤፖክሲው ውስጥ አረፋ ከቀረ እንደገና እዛው ችግር ውስጥ ናችሁ።

ኬብሉን አትቁረጡት። ትርፉን ጠቅልላችሁ እሰሩት፣ ሶኬቱ በቀዳዳው አላልፍ ካለ ቀዳዳውን አስፉ። ከሞተር ሽቦና ከሬዲዮ አንቴና ጋርም አንድ ላይ አትሰሩት።

አሴቶንና ቲነርም አታስነኩት፣ ፕላስቲኩን ያበላሸዋል። ቀለም ከቀባችሁ በውሃ የሚበጠበጠውን ለጀልባ ሆድ የተሠራውን ተጠቀሙ።

ሆዱን በስታችሁ ከሆነ የገጠማችሁት፣ ጀልባው ውሃ ሲነካ ወዲያው ወርዳችሁ ፍሳሽ ካለ እዩ፣ ከሰዓታት በኋላም ድጋሚ እዩ። ጠብታዋን አትናቋት።

የመጨረሻው ሴቲንግ ነው። የምታዩት ቁጥር ከትራንስዱሰሩ ጀምሮ ነው፣ ከጀልባው ታችኛ ጫፍ አይደለም። ትራንስዱሰሩ ከውሃው ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የጀልባው ታችኛ ጫፍ ደግሞ 1.2 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ ስክሪኑ 0.9 ሲላችሁ እናንተ መሬት ላይ ተቀምጣችኋል። ስለዚህ ሴቲንጉ ላይ 0.9 አስቀንሱት፣ ልኩንም ጀልባው ደረቅ መሬት ላይ እያለ በሜትር ውሰዱት፣ ውሃ ከገባ በኋላ ግምት ነው የሚሆነው።